ማስረጃዎ ችሎት ፊት እንዲጸና፦ ለደነባና ለአካባቢዋ ባለጉዳይ የተጻፈ መመሪያ

ፍርድ ቤት ቀርቦ ተሸንፎ የሚወጣ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። ሐቁ ከእሱ ጋር ሆኖ፣ ወረቀቱም በእጁ እያለ፣ ያ ወረቀት የማን እንደሆነ የሚያስረዳለት አጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ብዙ ነው። በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ፣ በዋና ከተማዋ በደነባ፣ ሰው ችሎት የሚቆምባቸው ጉዳዮች በሌላው የሰሜን ሸዋ ገጠር ያሉት ናቸው፦ የመሬት ወሰንና ኪራይ፣ ብድር፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ የከብት ሽያጭና ስርቆት። በእነዚህ ሁሉ ዳኛው ከይዘቱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ያቀረቡት ነገር በእርግጥ እርስዎ ነው የሚሉት ነገር ነው ወይ? ውል ነው ካሉ ውሉን የፈረመው ተከሳሹ ነው ወይ? በሬው የኔ ነው ካሉ ያ በሬ ያው የጠፋብዎ በሬ ነው ወይ? በስልክ የመጣ መልእክት ነው ካሉ የላከው እሱ ራሱ ነው ወይ? ይህ ሳይመለስ ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል ወደሚለው አይታለፍም።

በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህ ጥያቄ ራሱን የቻለ ደንብ አለው፤ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 901 ይባላል። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ክርክር የማስረጃ ደንቦች በአንድ መጽሐፍ አልተጠረዙም። ከፊሉ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከፊሉ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከፊሉም ኋላ በመጡ አዋጆች ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ባለጉዳይ ጠበቃ ካላቆመ የት እንደሚጀምር ይቸገራል። ይህ ጽሑፍ ጠበቃን አይተካም፤ ነገር ግን ከእርስዎ በቀር ማንም ሊሠራልዎ የማይችለውን ሥራ ያሳይዎታል። ማስረጃ የሚዘጋጀው ክስ ሲመሠረት አይደለም። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈበት ቀን፣ ሰዎቹ ገና ወዳጆች ሳሉ ነው።

አንደኛ፦ ጉዳይዎ ጽሑፍ የግድ ይል እንደሆነ ይወቁ

አባቶቻችን "በላ ልበልሃ" እያሉ ሲሟገቱ ማስረጃቸው በአብዛኛው ሰው ነበር፤ እማኝ ይጠራል፣ ዋስ ይቆማል፣ ወንጀል ሲሆን አገሬው በአፈርሳታ ይወጣል። ያ ልማድ ዛሬም አለ። በእምነት የሚበደር፣ በእምነት የሚያበድር፣ ወረቀት መጠየቅን እንደ ንቀት የሚቆጥር ብዙ ነው። ሕጉ ግን ለአንዳንድ ጉዳዮች ምስክር ጨርሶ አይበቃም ይላል፤ ከሁሉ በላይ ሰው የሚጎዳውም ይህን ባለማወቅ ነው።

የገንዘብ ብድርን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን የገበያ ወጪ ነው። መጠኑ ግን ሕጉ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ስለዚህ 40,000 ብር ያለ ወረቀት ቢያበድሩና ሲሰጡ ያዩ አሥር ጎረቤቶች ቢኖሩዎ፣ ተበዳሪው ከካደ አሥሩም አይረዱዎትም። ይኸው ቁጥር ስለ መክፈልም ይናገራል፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መልሻለሁ የሚል ሰውም ያለ ጽሑፍ አይደመጥም። ተበዳሪ ከሆኑ ሲከፍሉ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ሲያጠናቅቁም ዋናውን የብድር ወረቀት ተቀብለው ይያዙ።

ዋስትናም በቃል አይጸናም። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚገባም በወረቀቱ ላይ መጠቀስ ይኖርበታል። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጥበት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ እንዳለበት ቁጥር 1723 ይደነግጋል። የገጠር መሬት ኪራይ ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሲመዘገብ ነው ያለ ጭንቀት የሚተኛበት። በአንጻሩ በሬ፣ በግ፣ ጤፍ፣ ስንዴ እጅ በእጅ ሲሸጥ ጽሑፍ የግድ አይደለም፤ ምስክር ይበቃል። ቢሆንም ዋጋው ከፍ ሲል፣ በተለይም ክፍያው ለሌላ ቀን ሲያድር፣ አንድ ገጽ መጻፍ የሚከለክልዎ የለም።

ኑዛዜ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤተሰብ የፈረሰው እዚህ ላይ ነውና። በሌላ ሰው የተጻፈ ወይም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት። ይህ ብቻ አይበቃም። መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ካልተጻፉ በቁጥር 881 መሠረት ኑዛዜው ፈራሽ ነው። አራቱም ምስክሮች ቀርበው "ኧረ ተነቧል" ቢሉ ያ ዐረፍተ ነገር ከወረቀቱ ከጎደለ ክርክሩ ከባድ ይሆናል። እንግዲያው ከፊርማው በላይ "ይህ ኑዛዜ ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ተነብቦ ተሰምቷል" የሚለው ቃል ከነቀኑ እንዲጻፍ ያድርጉ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ሥልጣን ያለው አዋዋይ ሲሆን ሁለት ምስክር ይበቃል።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ራሱን እንዲናገር አድርገው ይጻፉት

ውል በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ጥንቃቄ ኋላ ችሎት ላይ ሰዓታት የሚፈጅ ክርክር ያስቀራል። ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ ቀበሌና ጎጥ ይጠቀስ፤ የመታወቂያ ቁጥር ካለ ይግባ። አንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች ሲኖሩ "ያ እኔ አይደለሁም" ማለት ቀላል ነውና። ገንዘቡ በአኀዝም በፊደልም ይጻፍ። ቀኑ ይሙላ፤ "ዓ.ም." የሚለው ይታከል። ስርዝ ድልዝ ካለ በአጠገቡ ሁሉም ይፈርሙ፤ ካልሆነ ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና መጻፍ ይሻላል። ከአንድ ገጽ በላይ ከሆነ በየገጹ ይፈረም። ቅጂው ለእያንዳንዱ ወገን ይድረስ።

ቁጥር 1727 በጽሑፍ መደረግ ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ይሁኑ። ሕጉ ዘመድን አይከለክልም፤ ነገር ግን ወንድምዎና አማችዎ ብቻ የፈረሙበት ወረቀት ሲካድ ዳኛው ቃላቸውን በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። ሌላም ልምከርዎ፦ ከሁለቱ አንዱ ቢያንስ ወጣት ይሁን። የአካባቢው ሽማግሌ ክብር አለው፤ ዳሩ ግን ክርክሩ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲነሣ ሽማግሌው ላይኖሩ ይችላሉ። የውሉን ጸሐፊም አይርሱት። ስሙን ጽፎ ይፈርም፤ ማን እንደጻፈው ከታወቀ የእጅ ጽሕፈቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን ወደ ጣት አሻራ። ደነባ አካባቢ ብዙ አባቶችና እናቶች በጣት ነው የሚፈርሙት፤ ለዚህም ነው ይህን ጉዳይ ከሌላው አብልጬ የማሳስበው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችልን ወይም ዓይነ ስውር የሆነን ሰው የጣት አሻራው የሚያስገድደው፣ አሻራው በአዋዋይ ወይም በሬጅስትራር፣ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደሆነ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ ይህን ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያልተነበበለትን ወረቀት ያተመ ሰው ምን እንዳተመ አያውቅም። እንግዲህ ያበደሩት ሰው በጣቱ የሚፈርም ከሆነ ሻይ ቤት ውስጥ የተሠራው ወረቀት፣ ሁለት ምስክር ቢኖረውም፣ ደካማ ወረቀት ነው። ሁለታችሁም ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ወዳለው አካል ሂዱ፤ የት እንደሆነ የወረዳውን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወረቀቱ እዚያ ይነበብ፣ አሻራው እዚያ ይታተም፣ ማረጋገጫው እዚያ ይጻፍበት።

ሲያትሙም እንዲህ ያድርጉ። ጣቱ ይታጠብና ይድረቅ፤ የገበሬ ጣት አፈርና ስንጥቅ አለበት። ቀለሙ ስስ ይሁን። ጣቱ አንዴ ተጭኖ ቀጥ ብሎ ይነሣ፤ ወደ ጎን ከተንሸራተተ መስመሮቹ ይደፈናሉ፤ የተደፈነ አሻራ ደግሞ በኋላ ለባለሙያ ቢላክ ለማመሳከር አያገለግልም። ከአሻራው አጠገብ "የአቶ እገሌ የቀኝ እጅ አውራ ጣት" ተብሎ ይጻፍ። ልክ ካልመጣ በዚያው ገጽ ንጹሕ ቦታ ላይ ይደገም። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ወረቀቱ ተረጋግጦ ከተመዘገበ ችሎት ላይ ያለው ክብደት ሌላ ነው። በግል የተጻፈውም ቢሆን ቁጥር 2005 እንደሚለው በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ስምምነቱና ስለ ቀኑ ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው። የፈረመ ሰው "እንዲህ ተጽፎ ነው እንጂ የተስማማነው ሌላ ነበር" ብሎ ምስክር መቁጠር አይፈቀድለትም። ስለዚህ ሳያነቡ ወይም ሳይነበብልዎ አይፈርሙ። የራስዎ ፊርማ ከማንም ምስክር በላይ ይናገርብዎታል።

ሦስተኛ፦ ዋናውን ይጠብቁ

ዋናው ከእጅዎ አይውጣ። ቅጂ ለጠየቀ ቅጂ ይስጡ። ከጭስና ከአይጥ ርቆ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ላዩ ላይ ምንም አይጻፉበት። የውል ግዴታ ይርጋ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ስለሆነ ቢያንስ ያን ያህል ይቆይ፤ የመሬትና የውርስ ወረቀት ግን ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነው።

ዋናው ከጠፋስ? ሕጉ በር አልዘጋም። ቁጥር 2003 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምስክር ሊሰማ እንደሚችል ይፈቅዳል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ መጀመሪያ ወረቀቱ መኖሩንና መጥፋቱን ያስረዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ይዘቱ ምስክር የሚቆጥሩት። ቤት ተቃጥሎ ወይም ተዘርፎ ከጠፋ ወዲያውኑ ለፖሊስ ያስመዝግቡ። ያ የዚያን ቀን መዝገብ ከሁለት ዓመት በኋላ ከሚሰጥ ምስክርነት ይበልጥ ይታመናል።

የመሬት ደብተር፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የምስክር ወረቀት ከመንግሥት መዝገብ የወጡ ስለሆኑ እውነት እንደሆኑ ይገመታል። ግምቱ ግን በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። ደብተሩ ላይ ያለው ስም፣ ወሰንና ስፋት በጽሕፈት ቤቱ ካለው መዝገብ ጋር አንድ መሆኑን ከክሱ በፊት ሄደው ያረጋግጡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ በአዲሱ ሥርዓት መካሄድ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለደ ሰው ዝምድናውን የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ካርድና የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። እነዚህን አይናቁ፤ የአጥቢያው መዝገብ ካለ ቃሉን በማኅተም ያስወጡ።

ከውጭ አገር የመጣ ሰነድ፣ ለምሳሌ ልጅዎ ከዐረብ አገር የላከችው የውክልና ሥልጣን፣ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ከዚያም አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። በሌላ ቋንቋ ከሆነ ትርጉሙ ይያያዛል።

አራተኛ፦ ከክሱ ጋር ዘርዝረው ያቅርቡ

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 ከሳሽ ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር እንዲያያይዝ ያዛል፤ መልስ የሚሰጠውም እንዲሁ። በዝርዝሩ ምስክሮች ከነሙሉ ስማቸውና አድራሻቸው፣ ምን እንደሚያስረዱም ተጠቅሶ ይቀመጣሉ። ሰነዶችም ይዘረዘራሉ። በእጅዎ ያለውን ማስረጃ በጊዜው ሳያቀርቡ ቀርተው በኋላ ሲያመጡት በቂ ምክንያት ካላሳዩ ፍርድ ቤቱ አይቀበልዎትም። ሰው ይህን ንቆ "ምርጡን ማስረጃዬን ለመጨረሻ ቀን አስቀምጫለሁ" ሲል ስሰማ ያሳዝነኛል፤ ያ ቀን ሲመጣ ማስረጃው ዋጋ የለውም።

ጥሩ ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

"የሰነድ ማስረጃ። 1ኛ/ የካቲት 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በከሳሽና በተከሳሽ መካከል የተደረገ፣ በሁለት ምስክሮች የተፈረመ የ40,000 (አርባ ሺህ) ብር የብድር ውል፣ 1 ገጽ፤ ዋናው በከሳሽ እጅ የሚገኝ። የሰው ማስረጃ። 1ኛ/ የውሉ ጸሐፊ፣ አድራሻ ደነባ ከተማ፤ ውሉን ራሱ መጻፉንና ተከሳሽ ፊቱ መፈረሙን ያስረዳል። 2ኛ/ የውሉ ምስክር፤ ገንዘቡ ሲቆጠርና ተከሳሽ ሲቀበል ማየቱን ያስረዳል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚቀርብ። 1ኛ/ ተከሳሽ ሒሳብ ካለበት ባንክ፣ በተጠቀሰው ቀን የገባውን ገንዘብ የሚያሳይ የሒሳብ መግለጫ።"

ለመጨረሻው ክፍል ትኩረት ይስጡ። ማስረጃው በሌላ ሰው ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ከሆነ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የት፣ በማን እጅ፣ በምን ቁጥር እንደሚገኝ ይግለጹ። ዋናውን በቀጠሮው ቀን ይዘው ይቅረቡ። ቅጂው ከእሱ ጋር ተገናዝቦ ነው በመዝገቡ ውስጥ የሚቀመጠው። ተከራካሪዎ ስለ ሰነዱ ዝም ካለ ደግሞ አይጨነቁ፤ በቁጥር 235 መሠረት በግልጽ ያልተካደ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል።

አምስተኛ፦ ምስክሩ ወረቀቱን ያስተዋውቅ

ሰነዱ ከተካደ የሚያጸኑት ሰዎች ይቀርባሉ። ምስክር የሚጠየቀው ያየውንና የሰማውን ነው። የራስዎን ምስክር ሲጠይቁ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አያስቀምጡ፤ ይህ መሪ ጥያቄ ይባላል፣ አይፈቀድም። "ተከሳሹ በዚህ ወረቀት 40,000 ብር ተበድሮኝ ፊትዎ ፈርሟል አይደል?" ቢሉ ዳኛው ያስቆምዎታል። ምስክሩም "አዎ" ከማለት በቀር የሚጨምረው የለውም፤ እንዲህ ያለ "አዎ" ማንንም አያሳምንም። እንዲህ ይሂዱበት፦

"ይህን ወረቀት ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ።"

"በምን አወቁት?"

"ሲጻፍ ነበርኩ። ከታች ሁለተኛው ፊርማ የኔ ነው።"

"የት ተጻፈ? እነማን ነበሩ?"

"አረቄ ቤቱ አጠገብ ባለው ጽሕፈት ቤት፤ ጸሐፊው፣ ሁለቱ ባለጉዳዮችና ሌላው ምስክር።"

"ተከሳሹ ምን አደረገ?"

"ጸሐፊው አነበበለት። ገንዘቡን ቆጥሮ ተቀበለና ፈረመ።"

"ከዚያን ቀን ወዲህ ወረቀቱ ላይ የተለወጠ ነገር ያያሉ?"

"አላይም።"

እነዚህ ጥያቄዎች ወረቀቱ የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተወለደ፣ አሁንም ያው መሆኑን ያሳያሉ። ከምስክርዎ ጋር አስቀድመው መነጋገር ይችላሉ፤ ቀኑን እንዲያስታውስ ሰነዱን ማሳየትም ነውር የለውም። ያላየውን እንዲናገር ማሰልጠን ግን ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 453 በሐሰት የሚመሰክርን ይቀጣል፤ ያልነበረ ሰው ደግሞ በመስቀለኛ ጥያቄ ይጋለጣል። ወንበሩ በየት በኩል ነበር፣ ብዕሩን ማን አወጣ ሲባል ሁለት ሐሰተኞች አንድ ዓይነት አይመልሱም።

ምስክሮቹ ሞተው ወይም ርቀው ከሄዱ ፊርማውን በሌላ መንገድ ማስረዳት ይቻላል። የተከሳሹን የእጅ ጽሕፈት በሥራ ወይም በመላላክ የሚያውቅ ሰው ሊመሰክር ይችላል። ፍርድ ቤቱም ፊርማው ወይም አሻራው በባለሙያ እንዲመረመር ሊያዝ ይችላል፤ ለዚህ የፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ምርመራ ክፍል አለ። ባለሙያው የሚያመሳክርበት ነገር ይፈልጋል፤ ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ሰውዬው ባንክ፣ ቀበሌ ወይም ሌላ ውል ላይ የፈረመባቸውን ወረቀቶች ያፈላልጉ። ለምርመራው ተብሎ ችሎት ላይ የሚሰጥ ፊርማ ሆን ተብሎ ሊቀየር ይችላልና የድሮው ፊርማ ነው ምርጡ።

ስድስተኛ፦ በእርስዎ ላይ ሐሰተኛ ወረቀት ቢቀርብ

በድፍኑ "ክሱ ሐሰት ነው" አይበሉ። "ፊርማው የኔ አይደለም፤ በዚያን ቀን ከተጠቀሱት ሰዎች ጋር አልተገናኘሁም፤ ፊርማው እንዲመረመር እጠይቃለሁ" ብለው ለይተው ይካዱ። ፊርማው የእርስዎ ሆኖ ገንዘቡ ተጨምሮበት ከሆነም ይህንኑ ለይተው ይናገሩ፤ ከ4,000 ብር ላይ አንዲት ዜሮ ተጨምራ 40,000 የሆነበት ወረቀት ሲመረመር የሚያሳብቀው የቀለሙ ልዩነትና በፊደል የተጻፈው ቃል ነው። የሟች ወራሽ ከሆኑ የአባትዎን ፊርማ እንደማያውቁት መናገር ይችላሉ። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትና በእሱ መጠቀም በወንጀል ሕጉ ቁጥር 375 እና 378 ያስቀጣል፤ ዛቻ አያድርጉት፣ ማስረጃ ካለዎት ለፖሊስ ያመልክቱ።

ሰባተኛ፦ የስልክ ማስረጃ

ዛሬ ገንዘብ በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ይሄዳል፤ ዕዳ በቴሌግራም ይታመናል፤ ስድብና ዛቻ በድምፅ መልእክት ይመጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ኤሌክትሮኒክ ማስረጃን ይቀበላል፤ ነገር ግን እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም የአቅራቢው ነው ይላል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ እንዳይሆን ይደነግጋል። በር ተከፍቷል ማለት ነው፤ የሚያስገባዎት ግን ዝግጅትዎ ነው።

ስክሪንሹት ብቻውን ደካማ ነው። ስሙን ማንም ሰው በስልኩ ላይ እንደፈለገ ሊመዘግብ፣ ምስሉንም ሊያቀናብር ይችላል። ስለዚህ መልእክቱን አይሰርዙ፣ ስልኩን አይሽጡ፣ ሌላ ስልክ ሲገዙም አሮጌውን ያስቀምጡ። ስክሪንሹቱ ሲነሣ የላኪው ስልክ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ፤ ከመሃል ተቆርጦ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለው ንግግር ጭምር ይውጣ። ቁጥሩ የእሱ መሆኑን በሌላ ነገር ያገናኙ። በዚያ ቁጥር ሲደውሉለት የሚያነሣው እሱ መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች፣ በዚያ ቁጥር የሞላው ቅጽ፣ ወይም በትእዛዝ ከኢትዮ ቴሌኮም የሚመጣ መረጃ ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጠው ይዘቱ ነው፤ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር፣ ለምሳሌ የልጁን ሠርግ ወጪ ወይም የተያዘውን ማሳ፣ ጠቅሶ ከጻፈ ላኪው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የገንዘብ ዝውውር ማስረጃ ከሁሉ ይቀላል፤ ባንኩ በማኅተሙ የሚሰጠው የሒሳብ መግለጫ አለና። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ደረሰኙ ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አያሳይም፤ ተቀባዩ "ለሸጥኩለት ጤፍ ነው የከፈለኝ" ሊል ይችላል። ሲልኩ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ "ብድር" ብለው ይጻፉ፣ ከዚያ በላይ ግን ውሉን ይጻፉ። ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ደረሰኞች ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይወጣሉ፤ ክስዎ ላይ ያለው በእኛ ነው። ካላመሳከሩት ቀኑ የማይገጥም ይመስላልና በዝርዝሩ ላይ ሁለቱንም ያስቀምጡ።

የድምፅ ቅጂ ካለዎት ፋይሉን በመጀመሪያው ስልክ ላይ ይተዉት፤ ቅጂውን በፍላሽ ያስገቡ፣ ንግግሩንም ቃል በቃል ጽፈው ያያይዙ። ድምፁን የሚያውቅ ሰው ይቁጠሩ። እርስዎ በሌሉበት የሌሎችን ንግግር ጠልፎ መቅዳት ግን ራስዎን በወንጀል ሊያስጠይቅ ስለሚችል አይሞክሩት።

ስምንተኛ፦ ከብትና ሌላ ዕቃ በወንጀል ጉዳይ ሲያዝ

የተሰረቀ በሬ ተገኝቷል ሲባል ሰው ሮጦ ሄዶ "ይኸው የኔ" ይላል። ይህ አቤቱታውን ያዳክማል፤ በሬ አይቶ ምልክቱን መናገር ማንም የሚችለው ነውና። ከማየትዎ በፊት ለፖሊስ ያስመዝግቡ። ዳለቻ ነው ወይስ ቡላ፣ ግንባሩ ቦቃ ነው ወይ፣ የትኛው ቀንዱ ተሰብሯል፣ ጆሮው እንዴት ተበጥቷል፣ የት ላይ ተተኩሷል፣ የትኛው እግሩ ላይ ጠባሳ አለ፣ ይህን ሁሉ በቃልዎ ያስጽፉና ከዚያ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ያልተጻፈ ምልክት ሲያገኙ ሳይሆን አስቀድሞ የተጻፈው ሲገኝ ነው ዳኛው የሚያምነው። ከእርስዎ ሌላ በሬውን የሚያውቅ እረኛ ወይም ጥማድ የተዋሰ ጎረቤት ለብቻው ይጠየቅ።

ሌባ ሲይዙ ቢላዋውን፣ ዱላውን ወይም ስልኩን በእጅዎ እያገላበጡ ለሰው አያሳዩ። ሳይነካ ይቀመጥ፤ ፖሊስ ሲረከብ ማን ከማን፣ መቼና የት እንደተረከበ በጽሑፍ ይያዝ፣ ሲያዝ ያዩት ሰዎችም ይፈርሙ። ኤግዚቢቱ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ችሎት እስከሚቀርብበት ድረስ በማን እጅ እንደነበረ ከተቋረጠ፣ ተከላካዩ "ይህ ያ አይደለም" ለማለት መንገድ ያገኛል።

አሁን የቤትዎን ሳጥን ይክፈቱና ወረቀቶችዎን አንድ በአንድ ይዩ። ምስክር የሌለበት፣ ቀን የሌለበት ወይም ያልተረጋገጠ የጣት አሻራ ያለበት የብድር ወረቀት ካገኙ፣ ተበዳሪው ገና ሳይጣላዎትና ሳይርቅ ጠርተው በደንቡ እንደገና ይጻፉት። ቅን ሰው ከሆነ አይቀየምም፤ ካልፈረመም ዛሬ ያወቁት ይሻላል።